ማሚቶ የሌላት ማሚቶ

ፎቶ አንሺው የካርታ መሥሪያ ቤቱን ደረጃ ለመጀመሪያ ጊዜ የወጣው ለጠብ ነበር። አዲሱን የካርታ ሉህ ጠቅልሎ በብብቱ ይዟል። ከአንዱ ቢሮ ወደ ሌላው ሲያንከራትቱት አርፍደው በመጨረሻ ሦስተኛ ፎቅ፣ ኮሪደሩ ጫፍ ላይ ወዳለችው የቦታ ስሞች ክፍል ላኩት። እዚያ አንዲት ሴት ብቻዋን ተቀምጣ ከሰፊ መዝገብ ላይ የመንደርና የወንዝ ስም እየለቀመች በትናንሽ ካርዶች ትገለብጣለች። ሠላሳ ዓመቷ ነው። ከዚህ ውስጥ ሰባቱን በዚያች ክፍል ስላሳለፈች የመሥሪያ ቤቱ ሰው በስሟ መጥራት ትቷል፤ “ካርታ” ነው የሚላት።

“ስም ጠፍቶብኝ ነው የመጣሁት” አላት ቆሞ እንዳለ።

“የማን ስም?”

“ያደግሁባት መንደር።”

ሉሁን ጠረጴዛዋ ላይ ዘረጋውና ሰማያዊ የተቀባውን ትልቅ ውኃ በጣቱ ነካ። “እዚህ ጋ ማሚቶ የምትባል መንደር ነበረች። በድሮው ካርታ ላይ፣ ግድቡ ከሞላም በኋላ፣ ውኃው መሃል ስሟ ነበር። አሁን አወጣችኋት።”

ካርታ መዝገቧን ገለጥ ገለጥ አደረገች። “ማሚቶማ አለች። ይቺውልህ፣ ሜዳው ላይ።”

“እሷ ሌላ ናት። ውኃው ሲመጣ ተነሥተን የሰፈርንባት ናት። ቤቱን መሸከም ስላልቻልን ስሙን ተሸክመን ሄድን።” አሁን ተቀመጠ፤ ድምፁም ረገብ አለ። “የድሮዋ መንደር ፊት ለፊቷ ገደል ነበር። አንድ ሰው ሲጠራ ገደሉም ይጠራል። ለዚህ ነው ማሚቶ የተባለችው። አዲሷ ግን ሜዳ ናት፤ ብትጮሂ ድምፅሽ እንደወጣ ይቀራል። እናቴ እስከ ዛሬ አንዴ ትጠራኝና ዝም ትላለች። ሁለተኛውን ጥሪ እየጠበቀች መሆኑን የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ።”

ካርታ በሰባት ዓመት ውስጥ በሺዎች የሚቆጠሩ ስሞች ገልብጣለች። አንድ ስም አራትም አምስትም ቦታ ላይ ደጋግሞ ሲገኝ ቁጥር ሰጥታ ታልፈው ነበር እንጂ፣ ስም እንደ ሰው ተፈናቅሎ ሌላ ቦታ ጎጆ እንደሚቀልስ የነገራት አልነበረም። ያ ሁሉ የካርድ ክምር ድንገት ሰው ሰው ሸተታት።

አቤቱታውን ይዛ አለቃዋ ዘንድ ገባች። አለቃዋ መነጽራቸውን ሳያወልቁ “ዓሣ አድራሻ ምን ያደርግለታል? ውኃ ውኃ ነው ብለሽ መልሺው” አሏት። ይህንኑ፣ ዓሣውን አስቀርታ፣ ለፎቶ አንሺው ነገረችው። እሱ ግን ኮሪደሩ ላይ ቆሞ የአለቃዋን ድምፅ ሰምቶ ኖሮ፣ “ዓሣውንም ንገሪኝ እንጂ፣ ምን ትደብቂኛለሽ” ብሎ ሳቀ። ዓይኑ ግን አልሳቀም። ካርታ ያንን ዓይን ይዛ ወደ ቤቷ ሄደች፤ ሌሊቱን ከእሷ ጋር አደረ፣ ቀኑንም ዋለ።

ስድስት ወር አለፈ። ካርታ ከሥራ ስትወጣ በአንድ ፎቶ ቤት ጓሮ ወደምትገኘው ጠባብ ክፍሉ መሄድ ለመደች። ከፊት ለፊት የመታወቂያና የሠርግ ፎቶ እያነሣ ይውላል፤ ከኋላ፣ በገዛ ጊዜው፣ የልቡን ይሠራል። የልቡ ሥራ አንድ ነበር። አባቱ የማሚቶ ባለካሜራ ነበሩ። መንደሩ ሊነሣ ሲል እያንዳንዱን ቤተሰብ በየደጁ አቁመው አንሥተው ነበር። ልጅየው ያንን ኔጋቲቭ እያጠበ፣ በሕይወት ያሉትን ሰዎች እየፈለገ፣ በአዲሷ መንደር እንደዚያው አቁሞ ያነሣቸዋል። ድሮ አራት ሆነው የቆሙ ዛሬ ሁለት ከሆኑ፣ የጎደሉት ሁለት የቆሙበትን ቦታ ባዶ አድርጎ ያነሣል። ጥንዶቹን ፎቶዎች ጎን ለጎን ሰቅሎ ለኤግዚቢሽን እያዘጋጀ ነበር።

አባቱን ውኃው ወስዷቸዋል። “ውጣ ተብሎ ተነግሮት እምቢ ብሎ ነው” አላት አንድ ቀን፣ የሌላ ሰው ታሪክ እንደሚያወራ። “የመቃብር ድንጋዮቹን በካሜራ ሳላነሣ አልወጣም ብሎ ቀረ። እናቴ ስለ እሱ አታወራም። እኔም ዘጠኝ ዓመቴ ነበር፤ ዝምታዋን ለመድኩት።”

ካርታ ስለ ራሷ አባት ብዙም አላወራችም። ጡረተኛ የመንግሥት ሠራተኛ ናቸው፣ ሚስታቸው ሞታለች፣ እኔው ነኝ የምጦራቸው፣ ብላ አበቃች። ግድግዳው ከሰው ቁመት የሚበልጥ፣ ሣሩ በመቀስ የሚከረከም ግቢ ውስጥ እንደምትኖር ለመናገር አፍራ ነበር። አባቷም ነገሩን ሲሰሙ “ፎቶ አንሺ? ይኼ የመታወቂያ ፎቶ የሚያነሣው?” ብለው ነበር።

“እሱንም ያነሣል” አለቻቸው፤ ከዚያ ወዲህ ነገሩ አልተነሣም።

አባቷ በሥራ ዘመናቸው ብዙ ግድብ ሠርተዋል፤ ስለ አንዱም ግን አያወሩም። ካርታ ግድብ የሚለውን ቃል ከፎቶ አንሺው አፍ በሰማች ቁጥር አባቷ ትዝ ይሏታል። ግድብ ብዙ ነው፣ መሐንዲስም ብዙ ነው፣ ትልና ታልፈዋለች። አባቷን መጠየቅ የአንድ ደቂቃ ሥራ ነበር። ስድስት ወር ሙሉ ያቺን ደቂቃ አጣች።

አንድ ከሰዓት በኋላ በጨለማው ክፍል አብረው ቆመው ነበር። ከላያቸው ቀይ አምፖል ብቻ በርቷል። ፎቶ አንሺው ነጭ ወረቀት በፈሳሹ ውስጥ አጋድሞ ሳህኑን በቀስታ ያወዛውዛል።

“ይህችን ሁልጊዜ ወደ ኋላ ሳደርጋት ነው የኖርኩት” አላት። “ጥንዷን ማንሣት ስላልቻልኩ።”

“ማነው?”

“የግድቡ መሐንዲስ ነው አሉ። መንደሩን ለክቶ ሊሄድ የመጣ ቀን አባቴ ያነሣው።”

ከነጩ ወረቀት መጀመሪያ ባርኔጣ ወጣ። ከዚያ ትከሻ፣ ከዚያ ክንድ፣ ከክንዱም ሥር ትንሽ እጅ። ትንሿ እጅ የአንዲት ልጅ ሆነች። ልጅቷ ፊቷን ወደ ገደሉ መልሳ አፏን ከፍታለች፤ የፊት ጥርሷ ወልቋል፤ ቀሚሷ ከፊት ለፊት ሦስት ትላልቅ ቁልፎች አሉት። ቁልፎቹን የተከለቻቸው የካርታ እናት ነበረች።

ያን ቀን ካርታ ሰባት ዓመቷ ነበር። ወደ ገደሉ የገዛ ስሟን ስትጠራ፣ ማዶ ያለች አንዲት ልጅ ስሟን መልሳ ጠራቻት። ፈርታ ስታለቅስ አባቷ ብድግ አድርገዋት “አይዞሽ፣ የገደሉ ልጅ ናት፤ አንቺን መሆን አምሯት ነው” አሏት። ከዚያ ጉዞ የቀራት ይኸው ነበር፤ የመንደሩን ስም እንኳ አላወቀችም።

“አፏን ከፍታ ማንን እንደምትጠራ ሁልጊዜ ይገርመኛል” አለ ፎቶ አንሺው ወረቀቱን በመቆንጠጫ እያነሣ።

ካርታ “ራሴን አመመኝ” ብላ ወጣች። መንገድ ላይ ስትደርስ የቀኑ ብርሃን በጥፊ የመታት መሰላት።

ስምንት ቀን አልሄደችም። በየቀኑ ደብዳቤ ጀምራ ትቀድዳለች። “አንድ ነገር ልነግርህ ነበር” ከሚለው መስመር አንድም ቀን ማለፍ አልቻለችም።

በዘጠነኛው ቀን፣ እሑድ ረፋዱ ላይ፣ የግቢው ደወል ተደወለ። ካርታ በቤት ልብሷ፣ ፀጉሯን ሳታበጥር ከፈተች። ፎቶ አንሺው ነበር። በአንድ እጁ አድራሻ የተጻፈባት ቁራጭ ወረቀት፣ በሌላው ትልቅ ፖስታ ይዟል።

“ካርታ?” አለ። ደስ ሊለው ሲል ግራ ገባው። “እዚህ ምን ታደርጊያለሽ?”

“ቤቴ ነው።”

ወረቀቷን አየ፤ የበሩን ቁጥር አየ፤ ከዚያ እሷን ለረጅም ጊዜ አየ። በዓይኑ ሰባት ዓመት የሆናትን ልጅ ከሠላሳ ዓመቷ ሴት ጎን ሲያቆም ታወቃት።

“ልጅቷ…” አለ።

“እኔ ነኝ።”

“መቼ ነው ያወቅሽው?”

“ወረቀቱ ላይ ስወጣ።”

“ዘጠኝ ቀን ሊሆን ነው። ከዚያስ በፊት? ግድብ ብዬ ስነግርሽ፣ አባቴ ብዬ ስነግርሽ፣ ትዝ ያለሽ ነገር አልነበረም?”

“አልጠየቅኩም። ፈርቼ ይሆናል። እኔም አላውቀውም።”

“ስድስት ወር ሙሉ ሆዴን ዘርግፌልሽ፣ አንቺ አልጠየቅኩም ትያለሽ።”

ድምፁ አልጮኸም። ካርታን ያቃጠላትም ይኸው አለመጮሁ ነው። የቆሰለ ሰው እንደሚያደርገው፣ እጇ የገባውን አንሥታ ወረወረች። “አንተስ? አባቴን ስትፈልግ ነው የኖርከው። ካርታ መሥሪያ ቤት የመጣኸው ስም ፍለጋ ነው ወይስ እሳቸውን ፍለጋ? እኔን ያገኘኸው በምን አጋጣሚ ነው?”

ከአፏ ሳይወጣ ውሸት መሆኑን ታውቅ ነበር። ወጥቶ ግን አለቀ። ፎቶ አንሺው አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ሄደ።

“እንደዚያ ነው የምታስቢኝ?” አለ። መልስ አልጠበቀም። ፖስታውን አቀበላት። “ለአባትሽ ስጪልኝ። ሰው አድራሻቸውን ጠቁሞኝ፣ ውኃው ዳር ቆመው አዲስ ፎቶ እንዳነሣቸው ልለምናቸው ነበር። አሁን የምለምነው ጠፋብኝ።”

በሩን እሱ ራሱ በቀስታ ዘጋላት። ሰው ያረፈበት ቤት በር እንደሚዘጋ።

አባቷ በረንዳው ላይ ሬዲዮ እየሰሙ ነበር። ፎቶውን ከፖስታው አውጥታ ጭናቸው ላይ አኖረችው። መነጽራቸውን ፈልገው አደረጉ፤ ካዩት በኋላ ሬዲዮውን ዘጉ።

“ይህን ያነሣው ሰውዬ ነው የሞተው” አሉ፣ ሳትጠይቃቸው።

“እምቢ ብሎ ነው የሞተው ይባላል፣ አባዬ።”

አትክልቱን የሚያጠጣው ቱቦ ግቢው ውስጥ ይንጠባጠባል።

“መቃብሩን አንሥቼ እስክጨርስ ብሎ ለመነኝ” አሉ ቆይተው። “እስከ ወሩ መጨረሻ ቆይ ብዬ በወረቀት ፈረምኩለት። ለሕዝቡ የተነገረውም ቀን እሱ ነበር። ከዚያ ዝናቡ ቀድሞ ገባ። የግድቡን በር ዝጉ የሚል ትእዛዝ ከላይ መጣ። ወሩ በገባ በአሥራ ዘጠኝ ዘጋን። ለመዝጋቱም የፈረምኩት እኔ ነኝ።”

“ሰውየው እዚያ መሆኑን ታውቅ ነበር?”

“አውቅ ነበር። መኪና ነገ እልክለታለሁ አልኩ። ውኃው እስከ መንደሩ ለመድረስ ሳምንት ይፈጅበታል ብዬ አሰላሁ። በሁለት ቀን ደረሰ።” ፎቶውን ጭናቸው ላይ ገለበጡት። “ሪፖርቱ ላይ ‘ማስጠንቀቂያ ተሰጥቶት ለመውጣት ፈቃደኛ አልሆነም’ ብለህ ጻፍ አሉኝ። ጻፍኩ። አንቺ ያን ጊዜ አንደኛ ክፍል ነበርሽ። ሥራዬን ካጣሁ ምን አበላታለሁ አልኩ። ሰው ሁሉ የሚለውን ነው ያልኩት።”

ካርታ አባቷን እንደ አዲስ አየቻቸው። ስትታመም አናቷ ላይ ተቀምጠው ያደሩት፣ እናቷ ስትሞት ፀጉሯን መሥራት የተማሩት እሳቸው ናቸው። የጻፉትም እሳቸው ናቸው። ሁለቱን ሰዎች አንድ ወንበር ላይ ማስቀመጥ አቃታት።

በዚያው ቀን ለፎቶ አንሺው ጻፈችለት። አሁን አንደኛውን መስመር ማለፍ አልከበዳትም።

“ቅዳሜ ጠዋት ካሜራህን ይዘህ ውኃው ዳር ና። አባቴ ይቆሙልሃል። ስለ አባትህ የሚነግሩህም ነገር አለ፤ ከእኔ ሳይሆን ከራሳቸው አፍ መስማት አለብህ። እናትህም ቢሰሙት ይገባቸዋል። በር ላይ ያልኩህን አላምንበትም፤ ያኔም አላመንኩበትም።”

መልስ አልመጣም።

ቅዳሜ ሰማዩ ከብዶ ዋለ። ውኃው ለዓይን እስኪያስጠላ ድረስ ጸጥ ብሏል። ማዶ የድሮው ገደል አናት ብቻ፣ እስከ አንገቱ ሰጥሞ እንደ ቀረ ሰው፣ ብቅ ብሎ ይታያል። ካርታና አባቷ ሲደርሱ ፎቶ አንሺው ቀድሟቸው ካሜራውን በሦስት እግሩ ላይ አቁሟል። ጥቁር ሻሽ ያሰሩ፣ ደቃቃ አሮጊት እናቱ ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል። ካርታን ቀና ብለው አዩአት፤ ክፉም ደግም አልነበረም በዓይናቸው።

“እዚህ ጋ ይቁሙ” አላቸው አባቷን። “ባርኔጣዎን ያድርጉ። አንቺ በግራ በኩል፣ እጃቸውን ያዢ።” ለማያውቃት ሰው እንደሚናገር ነበር የተናገራት።

የአባቷ እጅ ቀዝቅዛለች። ካሜራው ቀጭ አለ። አባቷ ግን ከቆሙበት አልተንቀሳቀሱም።

“እህቴ” አሉ ወደ አሮጊቷ ዞረው። “የምነግርዎ ነገር አለኝ።”

“ስለ ባሌ ከሆነ ተነግሮኛል” አሉ እናቱ። “ውጣ ሲባል እምቢ አለ ነው የተባልኩት። ወረቀቱንም አንብበውልኛል።”

“ወረቀቱን የጻፍኩት እኔ ነኝ። ውሸት ነው። ማንም ውጣ አላለውም። እስከ ወሩ መጨረሻ ቆይ ብዬ የፈረምኩለት እኔ ነኝ፤ በአሥራ ዘጠኝ የግድቡን በር ያዘጋሁትም እኔ ነኝ። እዚያ መሆኑን እያወቅሁ።”

ፎቶ አንሺው የካሜራውን እግር ጨብጦ ቀረ። እናቱ ጣታቸውን እያጠፉ በከንፈራቸው ቆጠሩ።

“ገና አሥራ አንድ ቀን ነበረው?”

“ነበረው።”

“አልዘገየም ማለት ነው?”

“አልዘገየም፣ እህቴ። በሰዓቱ ሊመጣ ነበር።”

አሮጊቷ ተነሡ፤ ወደ ውኃው ሄዱ፤ ጫማቸው እስኪርስ ድረስ ሄዱ። “እኔ እኮ…” አሉ ለማንም ሳይሆን። “እኔ እኮ ሃያ ሦስት ዓመት ተቀይሜዋለሁ። ከእኔና ከልጁ ድንጋይ በለጠበት ብዬ። አንድ ቀን እንኳ አላለቀስኩለትም።” ከዚያ ከዚያች ደቃቃ ደረት ይወጣል ተብሎ በማይታሰብ ድምፅ ወደ ውኃው ተጣሩ፦ “ይቅር በለኝ።”

ከማዶ፣ ከተረፈው የገደሉ አናት፣ ዘግየት ብሎ “ይቅር በለኝ” የሚል መጣ።

አሮጊቷ ውኃው ዳር ቁጭ አሉ። ፎቶ አንሺው ሮጦ ደግፎ ያዛቸው፤ እናትና ልጅ ጭቃው ላይ ተቃቅፈው ተንሰቀሰቁ። ካርታ ልትሄድ አንድ እግሯን አንሥታ መለሰችው። በዚያ ልቅሶ ውስጥ የእሷ ቦታ አልነበረም። አባቷን ደግፋ ወደ መኪናው ወሰደቻቸው። በሩን ስትከፍት ዞር ብላ ብታይ፣ ፎቶ አንሺው በእናቱ ትከሻ ላይ አሻግሮ እያያት ነው። እጁን ወደ እሷ አነሣ፤ መሃል ላይ ሲደርስ መልሶ የእናቱ ጀርባ ላይ አሳረፈው። ካርታ ያ እጅ እሷ ጋ ለመድረስ የቀረውን መንገድ ሁሉ በደረቷ ለካችው።

በአሥራ ሁለተኛው ቀን ደብዳቤው በመሥሪያ ቤት አድራሻ ደረሳት።

“ካርታዬ፣

ፎቶው ወጥቷል። አባትሽ ባርኔጣቸውን በእጃቸው ነው የያዙት፤ ያድርጉ ብያቸው እንዳላደረጉ ያየሁት ሳጥበው ነው። እናቴ ታለቅሳለች፤ ደግሞ መሃል ላይ ትስቃለች። አባቴ ዘፈን አያውቅም ነበር፤ ያለዜማ ይዘፍን ነበር አለችኝ። ሃያ ሦስት ዓመት ያልሰማሁትን በአንድ ሳምንት ሰማሁት። አባቴን የሰጠሽኝ አንቺ ነሽ፤ ይህንን እስክሞት አልረሳውም።

በር ላይ የተባባልነውን ትቼዋለሁ፤ ተይልኝ። አባትሽንም አንድ ቀን ይቅር እል ይሆናል። አብሬያቸው ገበታ መቅረብ ግን አልችልም። ሞክሬዋለሁ፣ በሐሳቤ። እንጀራ ሲቆርሱ እጃቸውን አያለሁ። አንቺ ደግሞ እሳቸውን ጥለሽ አትመጪም። ጥለሽ የምትመጪ ብትሆኚ ኖሮ እንዲህ አልወድሽም ነበር።

ሌላ ከተማ ሥራ አግኝቻለሁ። ኤግዚቢሽኑም እዚያ ይከፈታል። እናቴ ከመንደሯ ሁለተኛ አልነሣም ብላለች። እኔ ነገ እሄዳለሁ። አታስቁሚኝ፤ ብትጠሪኝ እቆማለሁ።”

ደብዳቤው የተጻፈበትን ቀን አየችው። “ነገ” ያለው ቀን ካለፈ ሦስት ቀን ሆኖታል። ደብዳቤው እንዲዘገይ አድርጎ የላከው እሱ ይሁን ፖስታ ቤቱ፣ አታውቅም። ማወቅም አልፈለገችም።

ቤቷ ስትገባ ገና አልመሸም። አባቷ ሳሎን ውስጥ መብራት ሳያበሩ ተቀምጠዋል።

“ጻፈልሽ?” አሏት፣ ፊቷን አይተው።

“ጻፈ።”

“ምን ይላል?”

“ሄዷል።”

“ተከተይው” አሉ አባቷ። “እኔን ሠራተኛዋ ታየኛለች። የኔን ጥፋት አንቺ ለምን ትከፍያለሽ?”

ከልባቸው ነበር የተናገሩት፤ ከልባቸውም ፈርተው ነበር። ሁለቱም ዓይናቸው ውስጥ ታዩአት። ሹራባቸውን ቁልፉን አዛንፈው ነው የቆለፉት፤ አንዱ ጎን ረዝሞ ተንጠልጥሏል። ካርታ ፊታቸው ተንበረከከችና አንድ በአንድ ፈትታ እንደገና ቆለፈችላቸው። ልትጠላቸው ሞከረች፤ ለአፍታ ቻለችውም። ከዚያ ደረታቸው ከጣቷ ሥር እንደ ወፍ ሲመታ ተሰማት፤ ያም አለፈ።

“እራት ላቅርብልህ” አለቻቸው።

“አልራበኝም፣ ልጄ።”

ክፍሏ ገብታ በሯን ዘጋች። አባቷ እንዳይሰሙ አፏን ትራሱ ውስጥ ቀብራ አለቀሰች። ትንፋሽ ለመውሰድ ቀና ስትል፣ ከግድግዳው ማዶ የታፈነ ድምፅ ሰማች። አባቷም እሷ እንዳትሰማ ነበር የሚያለቅሱት። ካርታ መዳፏን ቀዝቃዛው ግድግዳ ላይ አኖረች፤ ልትጠራቸውም ልትተዋቸውም አቅም አጥታ፣ እንዲያው እንደ ያዘችው ቆየች።